ሴትዮዋ ትውጣ

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ 4፡30

ዝናብ። ቀለም የሚገዛ የለም፤ በሐምሌ ግድግዳ የሚቀባ ሰው ጤና የለውም። አባ ጓዳ ውስጥ የስቱኮ ከረጢቶችን ከሚያፈስሰው ጥግ ያሸሻል። እህቴ ሰሚራ ስልኳ ላይ ናት። እኔ ከባንኮኒው ሥር አንተን ዘርግቼ እጽፋለሁ። አጀንዳዬ፣ አከፋፋዩ ለበዓል በነጻ የሰጠኝ፣ ከመስከረም ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ የተኛህ፣ ሽፋንህ ላይ የቀለም ጋሎን የተሳለብህ። ከዚህ የተሻለ ደብተር ይገባኝ ነበር። ላንተም ከኔ የተሻለች ጸሐፊ።

የጤዛን ቮይስ ለሦስተኛ ጊዜ ሰማሁት። አሥራ አንድ ደቂቃ። ስለ ዘጠነኛው ምዕራፌ።

ላስረዳህ። የድሮው ደብተር ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፣ አንተ አዲስ ነህ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን። አርባ ሰው። በዓለም ላይ የሌለ አገር የምንጽፍ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ታደለ ናቸው፣ ሰበታ የሚኖሩ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር (ከእንግዲህ ጋ.ታ.፤ እጄ ይደክማል)። ሁላችንም በብዕር ስም ነን፤ እውነተኛ ስማችንን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። በየቅዳሜው አንድ ታሪክ ያለ ስም ይለጥፋሉ። ዕጣ የወጣለት ሰው ያበጥረዋል፤ እህል እንደሚበጠር፣ ገለባውን ከፍሬው። ሌላውም የፈለገውን ይላል። ጸሐፊው ሦስት ቀን አፉን ይዘጋል። ማክሰኞ ስሙ ይገለጣል። አስተያየት ሁሉ፣ በጽሑፍም በቮይስም፣ እዚያው ግሩፑ ላይ ነው። ከጓሮ መጻጻፍ ክልክል። አንዴ ሁለት ሰዎች በዘንዶ ምክንያት ተሰዳድበው ነው ይህ ሕግ የወጣው።

የኔ ስም ቀጋ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እሾሁን ያጸደቁት እነሱ ናቸው። እኔ የምጽፈው ረጅም ስለሆነ በስሜ በምዕራፍ ይወጣል። ተራራ ስለሚነዱ ሰዎች ነው፤ ከብት እንደሚነዳ፣ በዓመት አንድ እርምጃ።

ጤዛ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የኔን ያነበበ ሰው ነው። የራሱን አንድም ቀን አውጥቶ አያውቅም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስለጥፍ ሁሉም ቆንጆ ነው፣ በርቺ፣ አበባ፣ አበባ። እሱ ብቻ፦ ተራራው ምን ይበላል? ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ አወቅኩት። ጉም ይበላል። ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ ከዚያች ጥያቄ ነው የወጣው።

ሱሉልታ ነው፤ ወተት መሰብሰቢያ ይሠራል። ነግሮኝ አይደለም። ከድምፁ ጀርባ የቆርቆሮ ዕቃ ይንኳኳል፣ ላም እምቧ ትላለች፣ ሰው ሊትር ይጠይቃል። አንድ ቀን አንዱ ከሩቅ «ያ ለሚ!» ብሎ ጠራው። ቮይሱ ተቋረጠ። ስሙን እንደማውቅ አያውቅም። ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ላንተ።

ይኸው ጻፍኩት። ይናፍቀኛል። አይቼው የማላውቀው ሰው ይናፍቀኛል፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ። አባ ቢሰማ ምን ይላል? ደግሞስ ምኑን ይሰማል? አንድ ድምፅ ነው።

ቆይ፣ ጋ.ታ. ለጠፉ። ታሪክ ቁ. 31። አበጣሪ፦ ቀጋ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ፣ ከሰዓት 10፡00

ቁ. 31ን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። አሥራ አንድ ገጽ። አንድ ሰው ከደጋ ጉም በጀሪካን እየቀዳ፣ በአህያ እየጫነ፣ የተራበ ተራራ ይቀልባል። (ጉም የሚበላው ተራራ የኔ ነው። ይሁን፤ እኛ ዘንድ መዋዋስ ነውር አይደለም።) አህያዋ ግሩም። ጀሪካኑ ሲከፈት ጉሙ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቦታ ላይ ቀናሁ። ጸሐፊው ግሩፑ ውስጥ ያለው የሰበታው የዩኒቨርሲቲ ልጅ ይመስለኛል፤ በጣም ተሻሽሏል።

ግን ሴትዮዋ። መንገዱ ላይ ገደል አለ። ሰውዬው እዚያ ይቆምና ወደ ማዶ ይጣራል። አንዲት ሴት ትመልስለታለች፣ ያውም በሦስተኛው ቀን። አትታይም። ስም የላትም። ጉምህ ቀጥኗል፣ አህያህን በድለሃል እያለች ትቆጣዋለች፣ እሱ ቆሞ ይሰማል። ሦስት ገጽ። ተራራው እየተራበ።

እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ ሴትዮዋ ትውጣ። ሰው አይደለችም፣ ድምፅ ብቻ ናት። ጸሐፊው እንደሚወዳት ያስታውቃል፤ አንባቢ ግን ለምን እንደሚወዳት አያውቅም። ሦስቱን ገጽ ቆርጦ ይጣል፤ ታሪኩ ይተነፍሳል።

ጥሩ አድርጌ አበጠርኩ። በራሴ ኮራሁ፣ ምን ላድርግ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ፣ ቀን 6፡15

ጤዛ ነው።

የቁ. 31 ጸሐፊ ጤዛ ነው። ጋ.ታ. አሁን ጻፉት። አንድ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ዘይት ቀለም ይለኛል፣ እኔ ውሃ ቀለም እሰጠዋለሁ።

አራት ዓመት ሙሉ ምንም ሳያወጣ ቆይቶ፣ ያወጣት የመጀመሪያዋ ታሪክ እኔ እጅ ወደቀች። እኔም ሲሶዋን ጣል አልኩት። ድምፅ ብቻ ናት አልኩ። ለሱ።

ከሰዓት 8፡00

መለሰ። በጽሑፍ፣ አንድ መስመር፦ ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ ቀጋ። ቮይስ የለም። ሁሌም ቮይስ ነበር የሚልከው።

አስተያየቴ ግን ትክክል ነው። ሦስት ገጽ ቆሞ መስማት ታሪክ ይገድላል። ለሌላ ሰው ቢሆን አንድ ቃል አልመልስም ነበር። ደግሜ አነበብኩት፤ አሁንም ትክክል ነኝ። ለምን ታዲያ ምሳ አልወርድልኝ አለ?

ሐምሌ 14፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

አሥረኛው ምዕራፍ ቅዳሜ ወጣ። ዛሬ ሰኞ ነው። ሃያ ሦስት ሰው አውራ ጣት ሰጠኝ። የሰበታው ልጅ እሳት ነሽ አለኝ። ጋ.ታ. አንድ ወንዝ ሽቅብ ሲፈስ ያዙኝና አሳፈሩኝ። ጤዛ፣ ዝም።

ኔትወርኩ ነው ብዬ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ሁለት ጊዜ። ሱሉልታ መብራት ጠፍቶ ይሆናል። ላም ታማ ይሆናል። ወተት መሰብሰቢያው ተዘግቶ ይሆናል። ሰው ሲናፍቅ ስንት ምክንያት ይፈጥራል፤ ይህን ሁሉ ለመጽሐፌ ባደርገው ኖሮ አልቆ ነበር።

ከኋላችን ቤት የሚሠሩት ኦቦ ዳባ መጡ። በየሳምንቱ የአንድ ሰው አጥር ፍቀው የቀለም ቅራፊ በወረቀት ይዘው ይመጣሉ፣ እንደዚህ አድርጊልኝ ይሉኛል። «አካም ቡልቴ ሐያት፣ ምነው ዛሬ ፊትሽ?» አሉኝ። ደህና ነኝ ኦቦ አልኳቸው። ቅራፊውን ሳየው አረንጓዴ ይሁን ግራጫ መለየት አቃተኝ። እሳቸውም እንደማያውቁት ነገሩኝ፣ ብቻ በመንገድ ሲያልፉ ደስ ይላቸዋል። አምስት ጊዜ ቀየጥኩ። አልመጣም። ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብለው ሄዱ። እኔም ሌላ ቀን እመለሳለሁ የሚለኝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

ሐምሌ 20፣ እሑድ፣ ከሰዓት 9፡30

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ካልተነበበልህ ታገሰኝ።

ሰሚራ የስልኳ ባትሪ ሞተ፣ የኔን ወሰደች። ሥራ ስታጣ የግሩፑን ታሪክ ከፈተች። እሷ እንዲህ ያለ ነገር አታነብም፤ የናንተ ጭራቅ ትለዋለች። ቁ. 31 ላይ ደርሳ መሳቅ ጀመረች። ምን ያስቃል አልኳት። «ይቺ ገደል ማዶ ያለችው ሴትዮ አንቺ ነሽ እኮ» አለች።

ቀልድ መሰለኝ። እየቆጠረች አስረዳችኝ። ሴትዮዋ ከመናገሯ በፊት ቆይ ቆይ ትላለች፤ እኔ እንደዚያ እላለሁ አሉ። መሀል ላይ አቁማ ውሃ ትጠጣለች። ከጀርባዋ ሁልጊዜ ዝናብ ቆርቆሮ ይመታል፤ እኛ ሱቅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ነገር ይንገጫገጫል፣ ሰውዬው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያዳምጠዋል፤ የቀለም መቀየጫችን። ለሁሉ ነገር ከየት መጣ ብላ ትጠይቃለች። ደህና ሁን አትልም፤ ስትጨርስ ዝም ብላ ትቆማለች። «ሐዩ፣ አንቺን የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው» አለችኝ።

እኔ ለሱ አስተያየት መልስ የምልከው በቮይስ ነው። አራት ዓመት።

ስልኬን ነጥቄ አነበብኩት። ሁሉም አለ። አንዴ እንፍሉዌንዛ ይዞኝ የላክሁት እንኳ አለ፤ ሴትዮዋ በአፍንጫዋ የምትናገርበት ቀን ሰውዬው ጉም ሳይቀዳ አብሯት ይውላል። እዚያ ጎን ላይ የጻፍኩት ማስታወሻ፦ ይህ ለምን ያስፈልጋል?

ሰው የራሱን ድምፅ አያውቅም። የሰው ታሪክ የማበጥር ሴት የራሴን ገለባ ነው ብዬ ደፋሁት። ሰው አይደለችም አልኩ። እሱም አመሰግናለሁ አለ።

አለቀስኩ። ሰሚራ ደነገጠች፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ሳቋን ዋጠች። ለአባ እንዳትነግሪ አልኳት፣ ምን ብዬ ነው የምነግረው አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ለጤዛ በግል ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ምን ይባላል? ይቅርታ፣ እኔ መሆኔን ባውቅ ኖሮ አልቆርጥህም ነበር? ይህማ የባሰ ስድብ ነው፤ ታሪኩን ሳይሆን ራሴን ወደድኩ ማለት ነው።

ሕጉም አለ። ከጓሮ መጻጻፍ ክልክል።

የቀለም ጣሳ እግሬ ላይ ወደቀ። የተዘጋ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 11፡00፣ ታክሲ ውስጥ

ከሰበታ እየተመለስኩ። አየር ጤና ላይ ተዘጋግቷል፣ ስለዚህ ጊዜ አለኝ። ጽሑፌ ቢጣመም ሹፌሩ ነው።

አባ ሰበታ ላለ ደንበኛ የቀለም ናሙና አድርሺ አለኝ። አደረስኩ። ከዚያ እግሬ ጋ.ታ. ቤት ወሰደኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከዚህ በፊት የሄድኩት። ግድግዳቸው ሙሉ ካርታ ነው፣ ሁሉም የሌለ አገር። የእያንዳንዳችንን ታሪክ እያነበቡ ይስላሉ፤ ወንዙ የት ይወርዳል፣ ነፋሱ ከየት ይመጣል። የኔ አገር መስኮቱ አጠገብ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ወረቀት ተቀጥሎለታል። ከተራሮቼ ጫፍ ገደል፤ ከገደሉ ወዲያ የጉም ሰውዬው መንገድ። ሁለት አገር በአንድ ካርታ።

እርስዎ ነዎት የቀጠሉት አልኳቸው። ጂኦግራፊው እንደዚያ ነው የሚለው አሉኝ፣ በመምህር ድምፅ። ሻይ ቀዱልኝ። ስለ ቁ. 31 ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ዕጣ አልወጣም፣ ልጄ» አሉኝ።

ያን ታሪክ ጤዛ የላከላቸው በጥር ነው። ቀጋ ታበጥረው፣ ከሷ ቀድሞ ማንም አይየው ብሎ ለመናቸው። ሕግ አፍርሰው አያውቁም፤ እምቢ አሉ። በየወሩ እየደወለ ለመነ። በመጨረሻ ዕጣ አወጣሁ ብለው ዋሹ። ያን ሲነግሩኝ ጆሯቸው ቀላ፣ በሰባ ዓመታቸው።

ታዲያ አሁን ምን አለ አልኩ። ምክርሽን ተቀብሎ እያስተካከለ ነው፤ ቅዳሜ ሁለተኛው ይወጣል፤ በደንቡ አበጣሪዋ አንቺው ነሽ አሉኝ። አዝኗል ወይ አልኳቸው። ይህን መመለስ የሰብሳቢ ሥራ አይደለም አሉኝ። በሩ ላይ ሲሸኙኝ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንቺ ደግሞ ስታበጥሪ እጅሽ ይከብዳል አሉኝ።

እኔ እጁን እየጠበቅኩ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። እሱ ዘርግቶት ነበር። እኔ ጽሑፉ ረዝሟል ብዬ መለስኩለት።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ 5፡00

ወጣ። ቁ. 31፣ ሁለተኛ። ስምንት ገጽ።

የለሁም።

ምንም አልቀረም። ቆይ ቆይ የለም፣ ዝናቡ የለም፣ እንፍሉዌንዛው የለም። በጥንቃቄ ነው ያወጣኝ፣ ክር እንደሚተረተር፣ ጨርቁ ሳይቀደድ። እና የተሻለ ታሪክ ነው፤ ይህን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ይፈስሳል። መጨረሻው ያስለቅሳል። ግሩፑ አብዷል። ከሁሉ ምርጥ፣ ይታተም፣ ቀጋ እጅሽ ይባረክ። እጄን የሚባርኩት ራሴን አስወጥቼ ስለጣልኩ ነው።

ከሰዓት 9፡00

አራተኛ ጊዜ ሳነብ አገኘሁት። ገጽ አምስት። ሰውዬው ገደሉ ጫፍ ሲደርስ አህያዋን ያቆማል። ይቆማል። ከዚያ ይሄዳል። ሌላ ምንም የለም፣ ሁለት መስመር ናት። አይጣራም፣ የሚመልስ የለም። ይቆማል፣ ይሄዳል።

የሰበታው ልጅም አይቷታል። እንዲህ ጽፏል፦ ገጽ አምስት ላይ የሚቆምበት ምክንያት የለም፣ የተረሳች መስመር ናት መሰለኝ፣ ብትቆረጥ። አሥር ሰው ተስማማ።

ጤዛ መልስ መስጠት አይችልም፣ እስከ ማክሰኞ አፉ ዝግ ነው። የሚወስነው አበጣሪው ነው። እኔ ነኝ። እኔም ትቆረጥ ካልኩ ይቆርጣታል። እሱ እኔ ያልኩትን ሁሉ ያደርጋል፤ ጥፋቱ ይህ ነው።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ሰሚራ ሂጂ ወደ ሱሉልታ አለችኝ፣ ስንት ወተት መሰብሰቢያ አለ እዚያ፣ በር በር እያልሽ ጠይቂ። ሄጄስ? ሊትር ልጠይቀው?

አይ። ሴትዮዋን ሰው ፊት ነው ያስወጣኋት። በጓሮ አልመልሳትም።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

ጻፍኩት። በቮይስ ልል ነው፣ ግን እንዳልቀባጥር እዚህ አስቀድሜ ልጻፈው።

ቀጋ ነኝ። ሁለተኛውን አበጥሬያለሁ። ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ አልክድም። ገጽ አምስት ላይ የሚቆምበት መስመር ግን አይውጣ። የተረሳ አይደለም። እዚያ የሚቆመው ማዶ ሴት ስላለች ነው። ትውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ገጽ በዝቷል ማለቴ ትክክል ነበር፣ ሰው አይደለችም ማለቴ ግን ስህተት ነው። ስላላወቅኳት ነው። አሁን አውቃታለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቡራዩ፣ አምቦ መንገድ ላይ ቀለም ትሸጣለች። ስሟ ሐያት ነው። ጸሐፊው ከፈለገ ይመልሳት። ስትመለስ ግን ማዶ ቆማ አትጣራ። ትሻገር።

አነበብኩት። አርባ ሰው። በግሩፑ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የተናገረ ሰው የለም። አባ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል።

ከሰዓት 9፡20

አባ ለሶላት ወጣ። ሰሚራን በር ላይ አቆምኳት። ቀዳሁት፣ አንድ ጊዜ፣ ሳልደግም። መሀል ላይ ውሃ ጠጣሁ። ዝናቡም ገባበት፤ ይግባ።

ላክሁ።

የሰበታው ልጅ ሰማው፣ የጥያቄ ምልክት ላከ። ጋ.ታ. ሰሙት። ሰሚራ፣ ገና ማጥፋት ትችያለሽ፣ ብዙ ሰው አልሰማውም አለችኝ። ጣቴን ብጫነው ምርጫው ይመጣል፣ ለሁሉም አጥፋ ይላል፣ አንድ ንክኪ ነው። ተጫንኩት። መጣ። አየሁት።

አላጠፋም።